ከካሬ ሚሊ ሜትር እስከ ካሬ ሜትር፦ የብርና የሳንቲም ሂሳብ

የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገብታችሁ «ባለ 2.5 ሽቦ ስጠኝ» ብትሉ ባለሱቁ ብዙም ሳይጠይቅ ጥቅልሉን ያወርድላችኋል። ግን 2.5 ምኑ ነው? ብዙ ሰው «ውፍረቱ ነዋ፣ 2.5 ሚሊ ሜትር» ይላል። እንደዚያ አይደለም። ፕላስቲኩን ልጣችሁ ነጠላውን መዳብ በማስመሪያ ብትለኩት ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። 2.5 የተባለው ሽቦው ሲቆረጥ ፊት ለፊት የሚታየው የመዳቡ ስፋት ነው። መለኪያውም ካሬ ሚሊ ሜትር ነው።

በየዕለቱ «ካሬ» የሚለውን ቃል የምንጠቀመው ለትልቅ ነገር ነው። «ቤቱ 105 ካሬ ላይ ያረፈ ነው»፣ «200 ካሬ ቦታ አለው» እንላለን። ካሬ ሜትር ማለታችን እንደሆነ ማንም ይገባዋል። ትናንሾቹ ካሬዎች ግን ሽቦው ውስጥ፣ ሴራሚኩ ላይ፣ ፌሮው (የኮንክሪት ብረቱ) ውስጥ፣ ወረቀቱ ላይ ተደብቀው ይኖራሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው መቀየር ሲያስፈልግ ደግሞ ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ስህተት ይሠራል። 1 ሳንቲ ሜትር 10 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 1 ካሬ ሳንቲ ሜትርም 10 ካሬ ሚሊ ሜትር ይመስለዋል። ትክክለኛው መልስ 100 ነው። ይህ ለምን እንደሆነ አንዴ በደንብ ከገባ ሌላው ሁሉ ቀላል ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

መጀመሪያ አንድ የቃል ጉዳይ እናጥራ። በአማርኛ «ስፋት» ሁለት ነገር ይሆናል። ሰው በተለምዶ «የጨርቁ ስፋት ስንት ነው?» ሲል ወርዱን መጠየቁ ነው። የሒሳብ መጽሐፍ «ስፋት» ሲል ግን ርዝመቱ በወርዱ ተባዝቶ የሚገኘውን፣ ነገሩ የሚሸፍነውን ቦታ ማለቱ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ከሚደናገሩበት ምክንያት አንዱ ይህ ይመስለኛል። ከቤት የሰሙት ቃል ክፍል ውስጥ ሌላ ትርጉም ይዞ ይጠብቃቸዋል። እኔ እዚህ ጎኑን «ወርድ»፣ የሚሸፈነውን ቦታ ደግሞ «ስፋት» እላለሁ።

በክንድና በስንዝር እንጀምር

ሜትር ከመምጣቱ በፊት አባቶቻችንና እናቶቻችን በክንድና በስንዝር ይለኩ ነበር። አንድ ክንድ በግምት ሁለት ስንዝር ነው። አሁን ርዝመቱ አንድ ክንድ፣ ወርዱም አንድ ክንድ የሆነ ጨርቅ አስቡ። በላዩ ላይ አንድ ስንዝር በአንድ ስንዝር የሆኑ ቁራጮችን ደርድሩ። ስንት ይገባሉ? በአንዱ ጎን ሁለት ይደረደራሉ። ከነሱ ሥር ደግሞ ሌላ ሁለት ይገባል። በድምሩ አራት።

ሁለት ሳይሆን አራት የሆነው ጨርቁ ሁለት አቅጣጫ ስላለው ነው። በርዝመቱ ሁለት እጥፍ፣ በወርዱም ሁለት እጥፍ። ሁለት ጊዜ ሁለት። ገመድ ቢሆን ኖሮ ሁለት ብቻ ይበቃ ነበር፤ ገመድ የሚለካው በአንድ አቅጣጫ ነውና።

ሜትርም ከዚህ የተለየ ነገር የለውም። ልዩነቱ በሁለት ፈንታ አሥር መሆኑ ብቻ ነው። አንድ ሳንቲ ሜትር በአንድ ሳንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ አራት ማዕዘን ሣሉ። በእያንዳንዱ ጎን 10 ሚሊ ሜትር አለ። ስለዚህ በላይኛው ረድፍ 10 ጥቃቅን ካሬዎች ይገባሉ። እንዲህ ያሉ ረድፎች ደግሞ 10 ናቸው። 10 ጊዜ 10፣ 100። ግራፍ ወረቀት በእጁ ያለ ሰው ይህን በዓይኑ ማየት ይችላል። ደመቅ ባለ መስመር የተከበበውን አንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ይምረጥና ውስጡ ያሉትን ጥቃቅን ሳጥኖች ይቁጠር። ለልጅ ስታስረዱ ከማንኛውም ቀመር በፊት ይህን አስቆጥሯት። ራሷ የቆጠረችውን ቁጥር አትረሳውም።

መጠናቸውን በዓይነ ሕሊና ለመያዝ ደግሞ እንዲህ ማሰብ ይረዳል። የጤፍ ፍሬ ርዝመቷ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ካሬ ሚሊ ሜትር አንድ የጤፍ ፍሬ ጋደም ብላ ከምትይዘው ቦታ ብዙም አይርቅም። ካሬ ሳንቲ ሜትርን ለማየት ደግሞ ስልካችሁ ውስጥ ያለችውን ናኖ ሲም ካርድ አውጡ። ልኳ 12.3 ሚሊ ሜትር በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው። ሲባዛ 108 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ማለትም ከአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ትንሽ ብቻ ትበልጣለች።

ብርና ሳንቲም

እኔ ለሰው ሳስረዳ በጣም የሚረዳኝ ዘዴ በኪሳችን ያለው ነው። 1 ብር 100 ሳንቲም ነው። 1 ካሬ ሳንቲ ሜትርም 100 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ሂሳቡ አንድ ነው።

2.50 ብር ስንት ሳንቲም ነው ብትባሉ ወረቀት ሳትፈልጉ 250 ትላላችሁ። እንግዲያው 2.5 ካሬ ሳንቲ ሜትር 250 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። 7 ሳንቲም በብር ሲጻፍ 0.07 ነው። 7 ካሬ ሚሊ ሜትርም 0.07 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። 0.7 ብሎ የሚጽፍ ሰው 7 ሳንቲሙን 70 አድርጎታል። 45 ብር 4,500 ሳንቲም ነው፤ 45 ካሬ ሳንቲ ሜትርም 4,500 ካሬ ሚሊ ሜትር። በገበያ ላይ ሳንቲም ዋጋው ጠፍቷል፤ ሂሳቡን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን።

በነገራችን ላይ «ሳንቲም» እና «ሳንቲ ሜትር» በስም የተመሳሰሉት እንዲሁ በአጋጣሚ አይደለም። ሁለቱም ስር መሠረታቸው «መቶ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው። ሳንቲም የብር መቶኛ፣ ሳንቲ ሜትር የሜትር መቶኛ።

ይህ ዘዴ በአንድ ደረጃ ብቻ አያቆምም። በሜትር ቤተሰብ ውስጥ በየደረጃው ይሠራል። ደረጃዎቹ ከላይ ወደ ታች ሜትር፣ ዴሲ ሜትር፣ ሳንቲ ሜትር፣ ሚሊ ሜትር ናቸው። በርዝመት እያንዳንዱ ደረጃ አሥር እጥፍ ነው። በስፋት ሲሆን እያንዳንዱ ደረጃ መቶ እጥፍ ይሆናል። 1 ካሬ ሜትር 100 ካሬ ዴሲ ሜትር ነው። 1 ካሬ ዴሲ ሜትር 100 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። 1 ካሬ ሳንቲ ሜትር 100 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ደረጃ በወረዳችሁ ቁጥር ነጥቧ ሁለት ቤት ወደ ቀኝ ትሄዳለች። በወጣችሁ ቁጥር ሁለት ቤት ወደ ግራ።

ችግሩ ዴሲ ሜትርን በኑሯችን ማንም አይጠቀምባትም። አናጢውም ልብስ ሰፊውም ከሜትር ቀጥታ ወደ ሳንቲ ሜትር ይዘላሉ። ስለዚህ ከካሬ ሜትር ወደ ካሬ ሳንቲ ሜትር ስንወርድ አንድ ደረጃ የወረድን ይመስለናል እንጂ የወረድነው ሁለት ነው። ሁለት ጊዜ መቶ 10,000 ነው። 1 ካሬ ሜትር 10,000 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ወደ ካሬ ሚሊ ሜትር ከወረድን ደግሞ ሦስት ጊዜ መቶ፣ 1,000,000። አንድ ካሬ ሜትር ወለል ላይ አንድ ሚሊዮን ካሬ ሚሊ ሜትር አለ። ለጆሮ የበዛ ይመስላል። ግን አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ምንጣፍ ላይ ጤፍ አንድ በአንድ ለመደርደር ብትሞክሩ ወደዚያ የሚጠጋ ፍሬ ትፈልጋላችሁ።

ወደ ላይም ቢሆን ይኸው ነው። 1 ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው። ልብ በሉ፤ ካሬ ሜትር ለሄክታር የሚሆነው ልክ ካሬ ሳንቲ ሜትር ለካሬ ሜትር የሚሆነውን ነው። በመሃላቸው 100 ካሬ ሜትር የሆነ «አር» የሚባል መለኪያ አለ። ፈረንሳዮች በ1795 የሜትር ሥርዓትን በሕግ ሲያውጁ ለመሬት ያወጡት መለኪያ ነው። ሄክታር ማለትም መቶ አር ማለት ነው። እኛ ሄክታርን ወሰድን፣ አርን ተውን። ዴሲ ሜትርን እንደተውናት ማለት ነው።

አንዲት ስውር ወጥመድ

«ሚሊ» ማለት አንድ ሺህኛ ነው። ታዲያ አንድ ካሬ ሚሊ ሜትር የካሬ ሜትር አንድ ሺህኛ መሆን አልነበረበትም? ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። የጠየቀም ሰው በትክክል እያሰበ ነው።

መልሱ ያለው በአጻጻፉ ላይ ነው። ሚ.ሜ² ሲጻፍ ያቺ ትንሽ 2 የምትሠራው በሜትሩ ላይ ብቻ አይደለም። «ሚሊ»ንም ትይዛለች። ሚሊ ሜትር አንድ የማይነጣጠል ቃል ሆኖ ሁለት ጊዜ ይባዛል። ስለዚህ አንድ ሺህኛውም ሁለት ጊዜ ይባዛል፤ አንድ ሺህኛ የአንድ ሺህኛ አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት ደንብም ይኸው ነው።

የካሬ ሜትር አንድ ሺህኛ ራሱን የቻለ ስፋት ነው። 10 ካሬ ሳንቲ ሜትር ወይም 1,000 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ወደ ዘጠኝ ናኖ ሲም ካርዶች ማለት ነው። የጤፍ ፍሬ ከምትይዘው ቦታ ጋር ምን ያህል እንደሚራራቁ ተመልከቱ።

ሌላም ተመሳሳይ መደናገር አለ። «ግማሽ ካሬ ሳንቲ ሜትር» እና «ግማሽ ሳንቲ ሜትር በግማሽ ሳንቲ ሜትር» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው 50 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው 5 ሚሊ ሜትር በ5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 25 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። በሰፈር ቋንቋም ይህ ያጋጥማል። አንዱ «10 ካሬ» ሲል 10 ካሬ ሜትር ማለቱ ነው። ሌላው ግን 10 በ10 ነው ብሎ ይሰማዋል። ያ ደግሞ 100 ካሬ ነው። ውል ላይ ሲሆን ሁለቱንም ጎን በቁጥር አስጽፉ። ያኔ ለክርክር ቦታ አይኖርም።

በእጅ ያለ ወረቀት

መለማመጃ የሚሆን ነገር ከፈለጋችሁ ተራውን የኤ4 ወረቀት አንሱ። ልኩ 210 ሚሊ ሜትር በ297 ሚሊ ሜትር ነው። ሲባዛ 62,370 ካሬ ሚሊ ሜትር። ነጥቧን ሁለት ቤት ወደ ግራ ስትወስዱ 623.7 ካሬ ሳንቲ ሜትር። እንደገና ሁለት ቤት፣ 6.237 ካሬ ዴሲ ሜትር። እንደገና ሁለት ቤት፣ 0.06237 ካሬ ሜትር።

ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ጀርመኖች በ1922 ያወጡት የወረቀት ደረጃ ትልቁን ወረቀት፣ ኤ0ን፣ አንድ ካሬ ሜትር እንዲሆን አደረገው። በተግባር ሲለካ 841 ሚሊ ሜትር በ1,189 ሚሊ ሜትር ነው። አባዙት፤ 999,949 ካሬ ሚሊ ሜትር ይመጣል። ከሚሊዮኑ የጎደለው 51 ካሬ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የናኖ ሲም ካርድ ግማሽ ማለት ነው። ኤ0 ለሁለት ሲታጠፍ ኤ1፣ እንደገና ሲታጠፍ ኤ2 እያለ ይወርዳል። አራት ጊዜ ስታጥፉት ኤ4 ላይ ትደርሳላችሁ። ስለዚህ 16 ኤ4 ወረቀት አንድ ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል።

ከዚህ ደስ የሚል ነገር ይወጣል። የወረቀት እሽግ ላይ «80 ግራም» ተብሎ ይጻፋል። ያ የአንዱ ሉክ ክብደት አይደለም። ወረቀቱ አንድ ካሬ ሜትር ቢሆን የሚመዝነው ነው። 80ን ለ16 ስታካፍሉ 5 ግራም። አንድ ኤ4 ሉክ 5 ግራም ነው። 500 ሉክ ያለው እሽግ ደግሞ 2.5 ኪሎ ገደማ። ደብዳቤ በክብደት የሚያስከፍል ፖስታ ቤት ስትሄዱ ስንት ገጽ ብትልኩ ስንት ግራም እንደሚሆን ቤት ሆናችሁ ታውቁታላችሁ።

ሴራሚክ ስንት ካርቶን?

ብዙ ሰው ገንዘብ የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ሴራሚኩ የሚለካው በሳንቲ ሜትር፣ ክፍሉ በሜትር፣ የሚሸጠው ደግሞ በካሬ ሜትር ነው። ሦስቱን ሳያዋህዱ ማስላት አይቻልም።

ክፍላችሁ 4 ሜትር በ3 ሜትር ነው እንበል፤ 12 ካሬ ሜትር። ሴራሚኩ 60 በ60 ነው፤ 3,600 ካሬ ሳንቲ ሜትር። ይህን ወደ ካሬ ሜትር ለመቀየር በ100 የሚያካፍል ሰው 36 ካሬ ሜትር ያገኛል። ቆም ብሎ ቢያስብ ግን አንድ ሴራሚክ የክፍሉን ሦስት እጥፍ ሆኖ ይታየዋል። ማካፈል ያለበት በ10,000 ነው። ውጤቱ 0.36 ካሬ ሜትር። 12ን ለ0.36 ሲያካፍሉ 33.3 ስለሚመጣ 34 ሴራሚክ ያስፈልጋል። ካርቶኑ አራት የሚይዝ ከሆነ አንድ ካርቶን 1.44 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ በብዙ ካርቶኖች ላይ የምታዩት ቁጥር ነው።

ግድግዳው ግርጌ የሚለጠፈውን ዞኮሎም አትርሱ። የክፍሉ ዙሪያ 14 ሜትር ነው። ዞኮሎው 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይኖረዋል። እዚህ ጋ 14ን በ10 አባዝቶ 140 የሚል አለ። 140 ምን? ሜትርና ሳንቲ ሜትር ተባዝተው የሚወጣው ካሬ ሜትርም ካሬ ሳንቲ ሜትርም አይደለም። መጀመሪያ አንድ ቋንቋ ይናገሩ። 10 ሳንቲ ሜትር 0.1 ሜትር ነው። 14 ጊዜ 0.1፣ 1.4 ካሬ ሜትር። የበሩን ክፍት አልቀነስኩም። ከወለሉ ጋር ሲደመር 13.4 ካሬ ሜትር ሆነ። ለሚቆረጠውና ለሚሰበረው አሥር በመቶ ስትጨምሩበት 14.74። ለ1.44 ሲካፈል ከአሥር ካርቶን ትንሽ ይበልጣል። አሥራ አንድ ግዙ።

ከዚህ የምመክረው ነገር አለ። ስፋትን አስልቶ መጨረሻ ላይ ከመቀየር፣ ጎኖቹን አስቀድሞ ወደሚፈለገው መለኪያ መቀየር ይሻላል። 60 ሳንቲ ሜትርን መጀመሪያውኑ 0.6 ሜትር ብላችሁ ብትጽፉ 0.6 ጊዜ 0.6 ራሱ 0.36 ይሰጣችኋል። 10,000ን ማስታወስ አይጠበቅባችሁም። በርዝመት መቀየር ሁላችንም የለመድነው ነገር ነው፤ ስህተቱም ያነሰ ነው።

አሜሪካ የምትኖሩ ደግሞ ከዚህ የከበደ ሂሳብ በየቀኑ ያጋጥማችኋል። እዚያ ቤት የሚለካው በስኩዌር ፊት ነው። አንድ ፊት 12 ኢንች ስለሆነ አንድ ስኩዌር ፊት 144 ስኩዌር ኢንች ነው። መርሁ ያው የክንድና የስንዝሩ ነው፤ 12 ጊዜ 12። ነጥብ በማንቀሳቀስ ግን አይሆንም። ወደ እኛ መለኪያ ሲመጣ አንድ ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ አንድ ስኩዌር ኢንች 6.45 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። 1,000 ስኩዌር ፊት የሆነ አፓርታማ 93 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። አገር ቤት ላለ ሰው የቤታችሁን መጠን ስትነግሩ ይጠቅማችኋል።

ክብ ሲሆን

እስካሁን ያየነው አራት ማዕዘን ነው። ክብ ነገር ላይም ሕጉ አይለወጥም። የክብ ስፋት ሬዲየሱ (ከመሃሉ እስከ ጠርዙ ያለው ርዝመት) በራሱ ተባዝቶ እንደገና በ3.14 ሲባዛ ይገኛል። ዲያሜትሩ (በመሃሉ አልፎ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ያለው) 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ምጣድ ሬዲየሱ 30 ነው። 30 ጊዜ 30 ጊዜ 3.14፣ 2,826 ካሬ ሳንቲ ሜትር። በካሬ ሜትር 0.28 ገደማ።

ዲያሜትሩ 30 የሆነ ትንሽ ምጣድ ላይ የሚወጣው እንጀራ የዚህ ግማሽ ይመስላችኋል? አሥሉት። 15 ጊዜ 15 ጊዜ 3.14፣ 706.5። ግማሽ ሳይሆን ሩብ ነው። የትልቁን እንጀራ ያህል ለመብላት ከትንሹ አራት ያስፈልጋል። ይህን እንጀራ የምትጋግር እናት ያለ ቀመር ታውቀዋለች፤ ሊጡ ይነግራታል።

ግንባታ ላይ ግን ይህን አለማወቅ አደጋ አለው። ፌሮ የሚጠራው በዲያሜትሩ ነው፤ ባለ 8፣ ባለ 10፣ ባለ 12፣ ባለ 16። ጭነቱን የሚሸከመው ግን ስፋቱ ነው። የባለ 8 ፌሮ ስፋት 50 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የባለ 16ቱ 201። ልዩነቱ አራት እጥፍ ነው። ባለ 16 ፌሮ ጠፋና «ሁለት ሁለት ባለ 8 አድርጉበት» የሚል ሰው ብረቱን በግማሽ ቀንሶታል ማለት ነው። 8 እና 8 ሲደመር 16 መሆኑ ያታልላል። የፌሮ ቁጥር እንደ ስም ነው፤ አይደመርም። የሚደመረው ካሬ ሚሊ ሜትሩ ነው። መሐንዲሱ ሳያውቅ ፌሮ መለወጥ ፈጽሞ መደረግ የሌለበትም ለዚህ ነው።

ካሬ ሳንቲ ሜትር ደግሞ ፌሮን ለመመዘን ይጠቅማል። ባለ 12 ፌሮ 113 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ ማለትም 1.13 ካሬ ሳንቲ ሜትር። አንድ ሜትር ርዝመቱን 100 ሳንቲ ሜትር ብለን ስናባዛ 113 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ብረት አለው። አንድ ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ብረት 7.85 ግራም ይመዝናል። 113 ጊዜ 7.85፣ 887 ግራም ገደማ። 12 ሜትር የሆነው ሙሉ ቤርጋ (ያልተቆረጠው ፌሮ) 10.6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሳይት ላይ ያሉ ባለሙያዎች በአጭሩ ዲያሜትሩን በሚሊ ሜትር ወስደው በራሱ ያባዙና ለ162 ያካፍላሉ፤ የሚመጣው የአንድ ሜትር ፌሮ ክብደት በኪሎ ነው። 144 ለ162፣ 0.889 ኪሎ። ያ 162 ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ይህን ሁሉ የመለኪያ ለውጥ አንድ ላይ አጭቆ የያዘ ቁጥር ነው።

«በካሬ» ሲባል ሂሳቡ ይገለበጣል

አንድ ቦታ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ሲ-25 ኮንክሪት» ሲባል ሰምታችኋል። 25ቱ ኮንክሪቱ በ28 ቀኑ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ 25 ኒውተን (ኒውተን የኃይል መለኪያ ነው) መሸከም አለበት ማለት ነው። ይህን ወደ ካሬ ሳንቲ ሜትር ቀይሩ ብትባሉ በ100 ታካፍላላችሁ ወይስ ታባዛላችሁ?

እጅ ወደ ማካፈል ይሄዳል፤ ከትንሽ ወደ ትልቅ መለኪያ ስንወጣ ማካፈል ለምደናልና። እዚህ ግን ይባዛል። በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ውስጥ መቶ ካሬ ሚሊ ሜትሮች አሉ። እያንዳንዳቸው 25 ከተሸከሙ መቶዎቹ አንድ ላይ 2,500 ይሸከማሉ። ለአንድ ሳንቲም ይህን ያህል ዕቃ ከተገኘ ለአንድ ብር መቶ እጥፍ ይገኛል እንደማለት ነው። 2,500 ኒውተን 255 ኪሎ ያህል ክብደት ነው። ከናኖ ሲም ካርድ በማትበልጥ ቦታ ላይ ከሁለት ኩንታል በላይ! ለዚህም ነው ጥንካሬው የሚፈተንበት የኮንክሪት ናሙና የሚሰበረው በትልቅ ማሽን የሆነው። 15 ሳንቲ ሜትር በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነው የናሙናው ፊት 225 ካሬ ሳንቲ ሜትር አለው። 2,500ን በ225 ስታባዙ 562,500 ኒውተን ይመጣል።

ወደ ሽቦው እንመለስ

አሁን 2.5ን ራሳችን ማረጋገጥ እንችላለን። መዳቡ አንድ ወጥ ከሆነ ዲያሜትሩን በካሊፐር (ውፍረትን በጥቃቅን የሚለካ መሣሪያ) ለኩ። ማስመሪያ ለዚህ አይበቃም። 1.78 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሬዲየሱ 0.89 ነው። 0.89 ጊዜ 0.89 ጊዜ 3.14፣ 2.49። ትክክለኛ ባለ 2.5 ሽቦ ነው። ሰባት ቀጫጭን ክሮች የተገመዱበት ከሆነ የአንዱን ክር ስፋት አስልታችሁ በሰባት አባዙ። እያንዳንዱ ክር 0.67 ሚሊ ሜትር ከሆነ 2.47 ገደማ ይመጣል፤ እሱም ትክክል ነው።

ካሊፐሩ 1.6 ካሳየ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ከ1.78 ጋር ሲታይ የጎደለው ከሩብ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ዓይን አይለየውም። በስፋት ስታሰሉት ግን 2.01 ካሬ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከመዳቡ አምስተኛው የለም።

ይህ ለምን ያሳስበናል? 3,500 ዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ከምጣዱ እስከ ማከፋፈያው 20 ሜትር ቢሆን፣ ሽቦው ሄዶ መላሽ ስለሆነ 40 ሜትር መዳብ ነው። በባለ 4 ሽቦ ከሆነ በመንገድ ላይ ወደ ሙቀት የሚለወጠው 44 ዋት ገደማ ነው። በባለ 2.5 ከሆነ 70። በባለ 1.5 ከሆነ 117 ዋት፤ ግድግዳ ውስጥ ከአንድ ትልቅ የድሮ አምፖል በላይ ሙቀት ማለት ነው። ለመብራት የተዘረጋ ቀጭን መስመር ላይ ምጣድ ሰክታችሁ ሶኬቱ ከጋለ ወይም የፕላስቲክ ሽታ ከመጣ መጀመሪያ ኃይሉን ከማከፋፈያው አጥፉ። ቀጥሎ ባለሙያ ጠርታችሁ የመስመሩን ካሬ ሚሊ ሜትር አስለኩ።